በግል ጀልባ ሲሸልስ ልገባ ነው፤ ሲማን ቡኬ ይሠራልኛል ወይስ አይሠራልኝም?

ሞተረኛው (ቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ናችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የባቦጋያ የመርከበኞች ማሠልጠኛ ልጅ ነኝ። ሞተር ክፍል ሁለት ኮንትራት ሠርቼ ከወረድኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አሁን አቃቂ አንድ ጋራዥ ውስጥ የጄኔሬተር ፓምፕ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ መጨረሻ የወረድኩበት መርከብ ላይ አብሮኝ የነበረ የሞምባሳ ልጅ ደወለ። "አንድ ጡረታ የወጣ ፈረንሳዊ የራሱ ጀልባ አለው፣ ሞተር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፣ ትመጣለህ?" አለኝ።

ጀልባዋ ባለ ሸራ ናት። ርዝመቷ 14 ሜትር፣ ሞተሯ ያንማር ናፍጣ። ከሞምባሳ ተነስታ ሲሸልስ፣ ማሄ ደሴት ትገባለች፤ መንገዱ ወደ 950 የባሕር ማይል ነው፣ ነፋሱ ከረዳ ሰባት ስምንት ቀን። ከዚያ ሰውየው ወደ ማዮት ደሴት መውረድ ይፈልጋል። በባቡሩ ጅቡቲ ልምጣልህ ብዬው ነበር። ሁቲዎች በኖቬምበር 2023 ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን የጭነት መርከብ ከያዙ ወዲህ ወደ ባብ ኤል መንደብ የመጠጋት ሐሳብ የለውም፤ እኔም አልፈረድኩበትም።

ትኬቴን ይችላል፣ ምግብ ከእሱ ነው፣ በሳምንት ደግሞ ትንሽ ገንዘብ ይሰጠኛል። የእኔ ሥራ ሞተሩን መያዝና ሌሊት ተራ ወጥቶ መጠበቅ ነው።

አሁን ችግሬን ልንገራችሁ። እስከ ዛሬ መርከብ ላይ ስወጣ ወረቀቱን የሚጨርሰው ሌላ ሰው ነበር። ኤጀንት አለ፣ የኩባንያ ደብዳቤ አለ፣ እኔ ፓስፖርቴንና ሲማን ቡኬን (የመርከበኛ መታወቂያ መጽሐፌን) ይዤ ቦሌ መገኘት ብቻ። በግል ጀልባ ግን እንዴት እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። ፈረንሳዊውን ስጠይቀው "ችግር የለም፣ ጀልባዋ የፈረንሳይ ባንዲራ አላት፣ ማዮትም ፈረንሳይ ነው" ይላል። እሱ እንደሆነ ፓስፖርቱ ቀይ ነው፣ ለምን ይጨነቃል! ወደ መሃል ከተማ ወርጄ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ሰው ሳማክር ደግሞ "የያት ቪዛ የሚባል አለ፣ 45 ሺህ ብር ያስፈልጋል" አለኝ። ቪዛውን የሚሰጠው የትኛው አገር ነው ብለው "የባሕር ነው" አለ። አመስግኜ ወጣሁ።

ሌላው እናቴ ናት። "በጀልባ ልሄድ ነው" ስላት ሊቢያ ነው የመሰላት። እሷ እንኳ ቀስ እያልኩ ሳስረዳት ትሰማለች፤ ብሎኩ ግን ሰምቷል። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሦስት እናቶች ደረጃው ላይ አስቁመውኝ የሜዲትራኒያንን ነገር መከሩኝ። አንዷ አለቀሱ። ስለዚህ ወረቀቴን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ "ይኸው፣ እዚህ ማህተም፣ እዚህ ማህተም" ማለት የምችልበት ነገር እፈልጋለሁ።

ማወቅ የምፈልገው፦ ሲማን ቡኬ በግል ጀልባ ላይ ዋጋ አለው? ስሜ የሚገባው እንደ ሠራተኛ ነው እንደ እንግዳ? ማዮት መውረድ እችላለሁ? ደግሞ ቢጫ ካርዴ (የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃዬ) ላይ የተወለድኩበት ዓመት 1990 ተብሎ ነው የተጻፈው፣ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው። ፓስፖርቴ 1997 ይላል። ይኼ ያስቸግራል?


ጨዋታ ይሻለኛል (ሰንዳፋ)

ከቱሉ ዲምቱ ሸራ ዘርግተህ ልትወጣ ነው በለና! ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልበል፦ ሰውየውን አጣራ። ጀልባ ላይ ክፉ ዕቃ ከተገኘ የሚጠየቀው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፣ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ያለ ሁሉ ነው። የሞምባሳው ጓደኛህ ሰውየውን ስንት ጊዜ ያውቀዋል? የጀልባዋን የምዝገባ ወረቀት ኮፒ ይላክልህ። ካልላከ ጋራዥህ አይሸሽም።


ጡረተኛው ቦሱን (ዓለም ገና)

ልጄ፣ እኔ ከአሰብ ዘመን ሰው ነኝ። ዛሬ ዓለም ገና ሦስት የወተት ላም አለኝ፤ በየቀኑ የማየው ውሃ የእነሱ ገንዳ ነው። ከትልቅ መርከብ ከወረድኩ በኋላ ግን አምስት ዓመት ያህል የሰው ጀልባ ከወደብ ወደብ አድርሻለሁ፣ ስለዚህ የጠየቅኸውን በልምድ ልመልስልህ።

ሲማን ቡክህን ያዝ፣ ግን አትመካበት። በንግድ መርከብ ስንገባ ኤጀንቱ ይመጣል፣ ክሪው ሊስቱን፣ ማለትም የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ያስገባል፣ ሾር ፓስ የሚባል የመሬት መውረጃ ፈቃድ ይሰጠናል፣ ወርደን እንመለሳለን። ቪዛ የሚጠይቀን አልነበረም። ያ ሁሉ ክብር የመጣው ከመጽሐፏ ብቻ አይደለም፤ ከኋላዋ መርከቡ፣ ኩባንያው፣ ኤጀንቱ ቆመው ነው። በግል ጀልባ ከኋላህ የቆመው ቁምጣ የለበሰ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ስለዚህ የኢሚግሬሽኑ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፓስፖርትህን ነው። "ይህ ሰው በአውሮፕላን ቢመጣ ቪዛ ያስፈልገው ነበር?" ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ከሆነ ብዙ ጊዜ በጀልባም ያስፈልገዋል። እነ አሜሪካማ ይብሳሉ፤ ያለ ቪዛ በአውሮፕላን የሚያስገቡትን አውሮፓዊ እንኳ በግል ጀልባ ከመጣ ቪዛ አምጣ ይሉታል። የባሕር ሠራተኛ መብት የሚባለው ትልቁ ስምምነት፣ የ2006ቱ ኤምኤልሲ፣ ለንግድ ሥራ የሚንቀሳቀስ መርከብን ነው የሚመለከተው። ለሽርሽር የተያዘች የግል ጀልባ ውጭ ናት። "ኩባንያው ወደ አገሬ ይመልሰኛል" የሚባል ነገር በራሱ አይመጣልህም፤ ጽፈህ ታስፈርማለህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሠራተኛ ወይስ እንግዳ ላልከው፣ ልጄ፣ እኔ የተቃጠልኩበት እሱ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ካፒቴን ጋር ስንነሳ ስሜን እንግዳ ብሎ አስገባ፣ ለወረቀት ይቀላል ብሎ። ሁለተኛው ወደብ ስንደርስ ያው ካፒቴን ሠራተኛ ብሎ ጻፈኝ፣ እዚያ ደግሞ ለሠራተኛ ክፍያው ይቀንሳል ብሎ ሰምቶ። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። መኮንኑ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በእስክሪብቶ ጫፍ ስሜን ነካ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ እንደገና ስሜን ነካ። ካፒቴኑ ጭንቅላቱን አከከ። ጀልባዋ ተፈቅዶላት ሄደች፤ እኔ አስራ አንድ ቀን ወደብ ላይ ቆየሁ። ቲማቲምና ዳቦ የሚያቀብለኝ አንድ የጥበቃ ሰው ነበር፣ እግዜር ይስጠው።

ስለዚህ ገንዘብ የምትቀበል ከሆነ ሠራተኛ ነህ፣ ሠራተኛ ተብለህ ግባ። በሁሉም ወረቀት፣ በሁሉም ወደብ አንድ ቃል ይሁን። ክሪው ሊስቱን ሳይገባ በፊት በዓይንህ እየው፦ የጀልባዋ ስም፣ ባንዲራዋ፣ የምዝገባ ቁጥሯ፣ የመጣችበት ወደብ፣ የምትሄድበት ወደብ፣ ከዚያ የሰዎቹ ስም ከነፓስፖርት ቁጥራቸው። ስምህን ፊደል በፊደል ተከታተል። ፈረንጅ የእኛን ስም ሲጽፍ አባትን ከአያት ያደባልቃል። የእኔ ፓስፖርት ላይ የአያቴ ስም ነው እንደ ቤተሰብ ስም የገባው፤ ካፒቴኑ አባቴን አስቀድሞ አያቴን ስለተወ ሁለት ሰው ሆኜ ቀረሁ።

ከሞምባሳ ስትወጣ ሁለት ነገር አትርሳ። ካፒቴኑ የመውጫ ክሊራንስ ይዞ መውጣት አለበት፤ ቀጣዩ ወደብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከየት እንደተለቀቃችሁ የሚያሳየውን ወረቀት ነው። አንተ ደግሞ ፓስፖርትህ ላይ የመውጫ ማህተም መመታቱን እይ። በአውሮፕላን ገብተህ በጀልባ ስትወጣ ማህተሙ ከተዘለለ፣ በመዝገባቸው ኬንያ ውስጥ እንደቀረህ ነው የምትቆጠረው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰህ ስትሄድ ቅጣቱ ይጠብቅሃል።

ስትደርሱ ቢጫ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ኪው የምንለው። "ጀልባዬ ጤነኛ ናት፣ የመግቢያ ፈቃድ ስጡኝ" ማለት ነው። እሱ እስኪወርድ ካፒቴኑ ሲፈቀድለት ከመውረዱ በቀር ማንም መሬት አይረግጥም። ሰባት ቀን ባሕር ላይ ቆይተህ የሰው ድምፅና የተጠበሰ ዓሣ ሽታ እየመጣብህ ሦስት አራት ሰዓት መጠበቅ ከማዕበል ይከብዳል፣ ግን ትጠብቃለህ። ጤና፣ ጉምሩክ፣ ኢሚግሬሽን ሁሉም ከጨረሱ በኋላ ቢጫው ይወርድና የአገሩ ባንዲራ ይሰቀላል።

ቢጫ ካርድህን አሁኑኑ አስቀይር። ለማስረዳት አትሞክር። ዓመታችን ሰባት ስምንት ዓመት እንደሚለይ ለአንድ የደከመው የጤና መኮንን ከሰዓት በኋላ ማስረዳት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ክትባቱን እንደገና መውሰድ አያስፈልግህም፤ ከጁላይ 2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተከተበ ለዕድሜ ልክ ነው። ወረቀቱ ብቻ በፈረንጅ አቆጣጠር ይታረም።

ማዮትን በተመለከተ፣ እዚያ አትውረድ። ምክንያቱን ትኬት የምትሠራ እህታችን ካለች ትንገርህ፣ እኔ ስለ አውሮፕላን አላውቅም።

እና ደግሞ፣ ጀልባዋ ማህተም አላት ወይ? ጠይቀው። ማህተም የሚወደደው እኛ አገር ብቻ እንዳይመስልህ።


ትኬት ቆራጯ (አያት)

ጋሼ ጠርተውኛል መሰል። አያት አካባቢ ትኬት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፣ መርከበኞችም ይመጡብኛል።

ወንድሜ፣ ኬንያ ለእኛ ቪዛ የለውም፣ ያ ቀላል ነው። የሚያስቸግርህ የአንድ መንገድ ትኬት ነው። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ካደረሰ አየር መንገዱ ይቀጣል፣ መልሶም የሚያመጣው እሱ ነው፤ ስለዚህ ቆጣሪው ላይ ያለችው ልጅ ቲማቲክ የሚባለውን የየአገሩን የመግቢያ ደንብ የሚያሳይ ሲስተም ከፍታ ታያለች። መመለሻ ትኬትህን ትጠይቅሃለች። "በጀልባ እወጣለሁ" ስትላት ከአጠገቧ ያለችውን ትጠራለች፣ ያችኛዋ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩን፣ ከኋላህ ያለው ሰልፍም ማጉረምረም ይጀምራል። ባለፈው ዓመት ትኬት የቆረጥኩለት አንድ ልጅ በዚሁ ምክንያት በረራው አምልጦታል። በእጁ የነበረው ስልኩ ውስጥ ያለ የዋትስአፕ መልእክት ብቻ ነበር።

ስለዚህ ከካፒቴኑ ደብዳቤ አስመጣ። ስምህ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ የፓስፖርት ቁጥርህ፣ የጀልባዋ ስምና የምዝገባ ቁጥር፣ የት እንደምትሳፈር፣ የት እንደምትወርድ፣ የመመለሻህን ወጪ እሱ እንደሚችል ይጻፍበት። ይፈረምበት፣ የሱም ፓስፖርት ኮፒና የጀልባዋ የምዝገባ ወረቀት ኮፒ ይያያዝ። አትመህ ያዝ፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል።

ሲሸልስ ከየትኛውም አገር ለሚመጣ ሰው ቪዛ አትጠይቅም። ስትደርስ የጎብኚ ፈቃድ ይሰጡሃል፣ መጀመሪያ እስከ ሦስት ወር። ግን እንዴት እንደምትወጣ፣ የት እንደምታድርና ገንዘብ እንዳለህ ይጠይቃሉ። ማደሪያህ ጀልባዋ ናት። መውጫህን ግን በትኬት አሳይ። ከማሄ አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ስላለ ቀኑ የሚቀየር ትኬት ቁረጥ፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ገንዘቡ ግን ከፈረንሳዊው ነው።

ማዮት የፈረንሳይ ግዛት ነው፣ ግን ሼንገን ውስጥ አይደለም። ሼንገን ቪዛ ያለው ሰው እንኳ በሱ ብቻ አይገባም፤ ቪዛው ላይ ግዛቱ በስም መጠቀስ አለበት። የጀልባዋ ባንዲራ ለአንተ ፓስፖርት ምንም አይጨምርም። ደግሞ እንደምንም ገባህ እንበል፣ ከዚያ በፓሪስ በኩል ልመለስ ብትል፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ኤርፖርቱ ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ዝርዝር ውስጥ ነን፣ ከእነ ኤርትራና ሶማሊያ ጋር። ስለዚህ ደሴት ላይ ልትቀር ትችላለህ፤ በፓሪስ መውጣትም ቪዛ፣ መቆየትም ቪዛ።


ሞተረኛው (ቱሉ ዲምቱ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እህቴ፣ የጻፋችሁትን አትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

የምዝገባውን ወረቀት ላከ፣ ደብዳቤውንም ላከ። ስሜ ሁለት ቦታ ተሳስቷል፤ የእኔ ስም ላይ አንድ ኤስ ጨምሮ፣ የአያቴን ደግሞ ጭራሽ ትቶታል። አርሞ መልሶ ልኳል።

ማህተም የላትም ጀልባዋ። እዚህ ላሠራልህ ብዬ ቃሊቲ አንድ ማህተም ቀራጭ ጋ ሄድኩ። የሆነውን ልንገራችሁ። ሰውየው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ "ንግድ ፈቃድ?" አለ። ጀልባ ናት አልኩት። "የድርጅቱ ደብዳቤስ?" ድርጅት አይደለም፣ ጀልባ ናት። "የት ነው ያለችው?" ሞምባሳ። ትንሽ አሰበና "ወረዳዋ ስንት ነው?" አለኝ። የፈረንሳይ የምዝገባ ወረቀቷን ሳሳየው ገለባብጦ አየና "ማህተም የሌለበት ወረቀት ይዘህ ማህተም ቅረጽልኝ ትለኛለህ?" ብሎ ሸኘኝ። ለካፒቴኑ ስነግረው ሞምባሳ አሠራለሁ አለ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ካፒቴኑ "ጀልባ ላይ ስትወጣ ፓስፖርትህን እኔ ነኝ የምይዘው" ብሏል። ልስጠው?


ጡረተኛው ቦሱን (ዓለም ገና)

ወደብ ላይ ለማስመታት ሲሄድ ስጠው፣ አብረኸውም ሂድ ከተፈቀደ። ጉዞ ላይም የሁሉም ፓስፖርት ከጀልባዋ ወረቀት ጋር አንድ ውሃ የማያስገባ ቦርሳ ውስጥ መቀመጡ የተለመደ ነው፣ ክፋት የለውም። ቦርሳው የት እንዳለ ግን እወቅ፣ ቁልፍ ካለውም ቁልፉ የት እንዳለ። ሰውየው የሚይዝበት ምክንያት አለው፤ አንተ ጠፍተህ ብትቀር የገባህበት አገር የሚጠይቀው እሱን ነው፣ የመመለሻህንም ያስከፍሉታል። ለዚያው ነው ስትወርድ ዝም ብለህ ሻንጣህን ይዘህ የማትሄደው። አብራችሁ ኢሚግሬሽን ሄዳችሁ ስምህ ከክሪው ሊስቱ ይሰረዛል፣ ከዚያ ነው ነጻ ሰው የምትሆነው።

ዝንጅብል ያዝ። ትልቅ መርከብ ለምዶኛል ብለህ እንዳትታለል፣ ትንሽ ጀልባ ሌላ ፍጥረት ናት።


ሞተረኛው (ቱሉ ዲምቱ)

ከሁለት ወር በኋላ ነው የምጽፈው። ተመልሻለሁ፣ ደህና ነኝ።

ቦሌ ልክ እህቴ እንዳለችው ሆነ። ልጅቷ ሁለተኛዋን ጠራች፣ ሁለተኛዋ ሱፐርቫይዘሩን። ደብዳቤውን፣ የምዝገባውን ኮፒና ከማሄ የሚነሳውን ትኬት አንድ ላይ ሰጠኋቸው። ሰውየው ሁለት ጊዜ አነበበውና "ባሕር ላይ ስንት ቀን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ለሥራ ሳይሆን ለራሱ ነው። አሳለፈኝ።

ሞምባሳ ላይ የመውጫ ማህተሜ ሊዘለል ነበር። የጀልባዋን ክሊራንስ ጨርሰው ካፒቴኑ ቦርሳውን ሲዘጋ "ፓስፖርቴን አሳየኝ" አልኩት። የእሱ ተመትቷል፣ የእኔ አልተመታም፤ ከስር ተደርቦ ቀርቶ ነው። ተመልሰን ገባን። ጋሼ፣ ያኔ ነው ስምዎን ጠርቼ የመረቅኩዎት።

መንገዱ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ሁለቱን ቀን ነፋስ የለም፣ በሞተር ሄድን። ዝንጅብሉ ሦስተኛው ቀን አለቀ። ሞተሩ ላይ የማቀዝቀዣው ፓምፕ ጎማ ሁለት ክንፉ ተቆርጦ አገኘሁት፤ ትርፍ ስለነበረ ቀየርኩት። ከዚያ ውጭ ስለ ባሕሩ የምለው የለኝም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሆዴ ላይ ተኝቼ ነበር።

ቪክቶሪያ ወደብ ስንደርስ ረፋድ ነው። ቢጫውን ባንዲራ እኔ ነኝ የሰቀልኩት። በሬዲዮ ጠራን፣ ቆሙ የተባልንበት መልሕቅ ጣልን፣ ጠበቅን። እውነትም ሽታው ይመጣል፣ ዓሣ ሳይሆን ሽንኩርት ነው፤ የሆነ ሰው ሽንኩርት እያቁላላ ነበር። ያን ጊዜ ቤቴ ትዝ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ መጡ። የጤናዋ ሴትዮ ቢጫ ካርዴን ወስዳ ከፓስፖርቴ ጋር አስተያየችው፣ ዓመቱ 1997፣ እዚህም 1997፤ መለሰችልኝ፣ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። አሮጌው ካርድ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ኢሚግሬሽኑ ሰው ክሪው ሊስቱን ይዞ "አንተ ክሪው ነህ?" አለኝ፣ አዎ። "እዚህ ትወርዳለህ ወይስ ትቀጥላለህ?" እወርዳለሁ። ትኬቱን አሳየሁት። ሲማን ቡኬን ራሴ አውጥቼ ሰጠሁት፣ ገልጦ አየና "መልካም" ብሎ መለሰልኝ፣ ሌላ ነገር አላደረገበትም። ካፒቴኑ አዲሱን ማህተም አውጥቶ አራቱም ቅጂ ላይ ሲያሳርፍ፣ መኮንኑ ማህተሙን በቀጥታ ለማየት ወረቀቱን አዞረው። ቃሊቲ የሸኘኝ ሰውዬ ፊቴ ላይ መጣብኝ፤ ሳቄን ለመያዝ ወደ ታች ሞተር ክፍል ወረድኩ።

ከአምስት ቀን በኋላ አብረን ሄደን ስሜን ከዝርዝሩ አሰረዝን። ካፒቴኑ እስከ መጨረሻው ማዮት ድረስ እንድሄድ ይለምነኝ ነበር፣ ገንዘብም ጨመረ። አልሄድኩም። የሳምንቱን ሂሳብ በሙሉ ከፍሎኛል፣ ጥሩ ሰው ነው፤ ወረቀት ግን አይገባውም።

እናቴ ፓስፖርቴን ይዛ ደረጃው ላይ ለሦስቱ እናቶች ማህተሞቹን አሳይታለች። ያለቀሱት እናት የሲሸልሱን ማህተም በጣታቸው ነክተው "ይቺ ደሴት ናት?" አሉ አሉኝ።

የደብዳቤውን ቅጂ ለሚፈልግ ስምና ቁጥሩን ሰርዤ እልካለሁ። ቀን ጋራዥ ነኝ፣ ማታ ነው የምመልሰው።